የሚጎብጠው መስመር

ቀጥ ያለ መስመር የሚወድ ሰው ኢንዲየም አንቲሞናይድን ባይነካ ይሻለዋል። ይህ ግራጫማ ክሪስታል በስሱ ተሞርዶ፣ በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ ኃይለኛ ማግኔት መካከል ሲቀመጥና ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያልፍበት፣ ከብርሃኑ ውስጥ የተወሰነ ኢነርጂ ያለው ክፍል ተውጦ ይቀራል። መግነጢሳዊ መስኩ ሲጨመር የሚዋጠው ኢነርጂም ይጨምራል። ሁለቱን በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ስናሰፍራቸው መስመሩ መጀመሪያ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ጥቂት ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ካለፍን በኋላ ግን አንገቱን እየደፋ ይሄዳል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ማግኔቱም አልሰነፈም። መስመሩ ራሱ ይጎብጣል።

በብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ጉብጠት እንደ እርማት ይቀርባል። ዋናው ነገር ከተነገረ በኋላ በአንድ አንቀጽ ይጠቀስና ይታለፋል። ለእኔ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነው። ቀጥ ያለው ክፍል የሚነግረን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የጎበጠው ክፍል ግን ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ከሥሩ እንጀምር። መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤ መስኩ ወደ ጎን ስለሚገፋው ክብ ይዞራል። የሚገርመው የዙሩ ፍጥነት አይደለም። ፈጣኑ ኤሌክትሮን ሰፊ ክብ ይዞራል፣ ዘገምተኛው ጠባብ ክብ ይዞራል፣ ሁለቱም ግን አንዱን ዙር የሚጨርሱት በእኩል ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሚወስኑት የመስኩ ጥንካሬ፣ የቻርጁ መጠንና የኤሌክትሮኑ መጠነቁስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከዙሩ ጋር እኩል የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ሞገድ ብንልክበት ኤሌክትሮኑ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ኢነርጂ ይወስዳል። ይህ ሳይክሎትሮን ሬዞናንስ ይባላል። የፊዚክስ ሊቁ ሌቭ ላንዳው በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው፣ በኳንተም ፊዚክስ ዓይን ሲታይ እነዚህ ክቦች እንደፈለጉ መሆን አይችሉም፤ የኤሌክትሮኑ ኢነርጂ በደረጃ ደረጃ ይከፋፈላል፤ የምንለካው ብርሃንም ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረውን ነው።

በባዶ ቦታ ያለ ኤሌክትሮን በ1 ቴስላ መስክ ውስጥ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ይዞራል። ይህ የማይክሮዌቭ ክልል ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ1 ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ያው መስክ በኢንዲየም አንቲሞናይድ ውስጥ ባለ ኤሌክትሮን ላይ ሲያርፍ ግን ዙሩ 70 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ሞገዱ ወደ 150 ማይክሮሜትር ያጥርና ሩቁ ኢንፍራሬድ ውስጥ እንገባለን። ቻርጁ ያው ነው፣ መስኩም ያው ነው፤ የተለወጠ ነገር ካለ መጠነቁሱ ነው። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚመልሰው መልስ ከትክክለኛ መጠነቁሱ 1.4 በመቶ ብቻ እንዳለው ዓይነት ነው።

ይህ ቅለት ከየት መጣ? ክሪስታል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች እንደልባቸው ማንኛውንም ኢነርጂ አይዙም፤ ባንዶች የሚባሉ የተፈቀዱላቸው የኢነርጂ ክልሎች አሉ፤ በሞላው ቫለንስ ባንድና ከበላዩ ባለው ኮንዳክሽን ባንድ መካከል ክፍተት አለ። በሲሊከን ይህ ክፍተት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት (ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ) ገደማ ነው። በኢንዲየም አንቲሞናይድ በከፍተኛ ቅዝቃዜ 0.235፣ በክፍል ሙቀት ደግሞ ወደ 0.17 ኤሌክትሮን ቮልት ይወርዳል። የሁለቱ ባንዶች ኤሌክትሮኖች የኳንተም ሁኔታ እርስ በርሱ ይደባለቃል፤ ሲደባለቅም ባንዶቹ ይገፋፋሉ። በተቀራረቡ ቁጥር ግፊያው ይበረታል፤ ግፊያው ሲበረታ የላይኛው ባንድ ግርጌ ሾጣጣ ይሆናል፤ የባንዱ ግርጌ ሲሾል ኤሌክትሮኑ ይቀልላል። በጋልየም አርሰናይድ ክፍተቱ ከዚህ ስድስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ የኤሌክትሮኑ መጠነቁስም አምስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ሒሳቡ በትክክል አንድ ለአንድ ባይሆንም አዝማሚያው አያሻማም። ይህን ካሰብኩበት ጊዜ ጀምሮ መጠነቁስን የኤሌክትሮኑ የግል ንብረት አድርጌ ማየት ትቻለሁ። የጎረቤቱ ርቀት የሚወስነው ነገር ነው።

ብርሃንና ማግኔት እንደሚገናኙ ያሳየው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ ዘመኑም 1845 ነበር። እንደ ሲሊከንና ኢንዲየም አንቲሞናይድ ባለ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ሳይክሎትሮን ሬዞናንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1953 በበርክሌይ ነው። ድሬሰልሃውስ፣ ኪፕና ኪተል በቀዘቀዘ ጀርማኒየም ላይ ማይክሮዌቭ ልከው አዩት። ጀርማኒየም የተመረጠው በጣም ንጹሕ ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል ነው፤ ኤሌክትሮኑ ከቆሻሻ አተም ወይም ከክሪስታሉ ንዝረት ጋር ሳይጋጭ ቢያንስ የዙሩን አንድ ክፍል ካልዞረ ሬዞናንሱ አይታይም። ማግኔቱን ከክሪስታሉ አቅጣጫ አንጻር ሲያዞሩት የሚዋጡት ሞገዶች ቦታ ይቀያየር ነበር፤ ከዚያ በመነሳት የጀርማኒየምን ባንዶች ቅርጽ አወጡ። ኢንዲየም አንቲሞናይድ ብዙም ሳይቆይ ተከተለ። በ1956 በርስታይን፣ ፒከስና ጌቢ በኢንፍራሬድ ብርሃን፣ ያውም በክፍል ሙቀት ለኩት። ይህ ሊሆን የቻለው ኤሌክትሮኖቹ ቀላል ስለሆኑ በክፍል ሙቀትም ቢሆን በክሪስታሉ ውስጥ ያለብዙ እንቅፋት ስለሚፈሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኢቫን ኬን የዚህን ቁስ የባንድ አወቃቀር በሒሳብ ጻፈው፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

ከአንድ የመዋጥ ጫፍ፣ ማለትም ብርሃኑ በብዛት ከሚዋጥበት ቦታ፣ ምን ያህል ነገር እንደሚገኝ ሳስብ ሌሎች መለኪያዎች ያሳዝኑኛል። ጫፉ ያለበት ቦታ መጠነቁስን ይሰጣል። ስፋቱ ኤሌክትሮኑ ከግጭት እስከ ግጭት የሚቆይበትን ጊዜ ይናገራል። ከጫፉ በታች ያለው የቆዳ ስፋት ምን ያህል ቻርጅ ተሸካሚዎች እንዳሉ ይቆጥራል። ብርሃኑ እየተሽከረከረ እንዲሄድ ከተደረገ ደግሞ ኤሌክትሮኖች አንዱን የሽክርክር አቅጣጫ ብቻ ሲውጡ፣ ሆል የሚባሉት ፖዘቲቭ ተሸካሚዎች ሌላውን ይውጣሉ፤ ምልክታቸው ሳይጠየቅ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ክሪስታሉ ላይ አንድም ሽቦ አልተበየደም። በኤድዊን ሆል ስም የተጠራው፣ በሽቦ የሚደረገው የሆል ኢፌክት መለኪያ ኤሌክትሮኖችና ሆሎች፣ ቀላሎችና ከባዶች አንድ ላይ ሲኖሩ የሁሉንም ድምር አንድ ቁጥር አድርጎ ይሰጣል፤ ከዚያ መለየቱ የለካው ሰው ዕዳ ነው። በብርሃን ሲለካ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ቦታ ይቆማል።

ከሥራው ሁሉ የምወደው የናሙና ማዘጋጀቱን ነው፤ ብዙዎች የሚሸሹትም እሱን ነው። ክሪስታሉ በደቃቅ ዱቄት በመስታወት ላይ ሲታሽ ውሎ ብርሃን ሊያልፍበት እስኪችል ድረስ ይሳሳል። ሁለቱ ገጾቹ ፍጹም ትይዩ ከሆኑ ጥሩ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብርሃኑ በሁለቱ ገጾች መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለስና በስፔክትረሙ (በየኢነርጂው ያለፈውን ብርሃን በሚያሳየው ሥዕል) ላይ እኩል የተራራቀ ሞገድ ይፈጥራል፤ እውነተኛው ጫፍ በዚያ ሞገድ ውስጥ ተሸሽጎ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ገጽ ሆን ተብሎ በጣም ትንሽ ዘመም ይደረጋል። ከዚያ ሙጫው ይመጣል። የሳሳው ክሪስታል ከደጋፊው ጠፍጣፋ ጋር ሙሉ በሙሉ ከተጣበቀ፣ ሁለቱ ሲቀዘቅዙ በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ ክሪስታሉ ይወጠራል፤ ሲወጠር ክፍተቱ ይቀየራል፤ ክፍተቱ ሲቀየር ደግሞ ልንለካው የመጣነው ነገር ሌላ ሆነ ማለት ነው። በአንድ ጥግ ብቻ በትንሽ ጠብታ መያዝ ይበቃል።

ናሙናው ውስጡ በተወለወለ የነሐስ ቱቦ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ማግኔቱ መሐል ይወርዳል። ብርሃኑ የሚመጣው በቱቦው ግድግዳ ላይ እየነጠረ ነው። መንገዱ ላይ ጥቁር የፖሊኢታይሊን ስስ ፕላስቲክ ይደረጋል፤ ሩቁን ኢንፍራሬድ ያሳልፋል፣ ዓይን የሚያየውን ብርሃን ግን ያስቀራል። የሚታይ ብርሃን ከክፍተቱ በላይ ኢነርጂ ስላለው እንዲሁ ከገባ በክሪስታሉ ውስጥ ያልነበሩ ኤሌክትሮኖችንና ሆሎችን ይፈጥራል። ከናሙናው በኋላ ቦሎሜትር አለ፤ በፈሳሽ ሂሊየም ሙቀት፣ ማለትም በ4.2 ኬልቪን፣ የተቀመጠች ኢምንት ቁራጭ ስትሆን ብርሃን ሲያርፍባት በጥቂቱ ትሞቅና የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይለወጣል። መለኪያው ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ስፔክትረም ላይ የሚታየው ክሪስታሉ አይደለም፤ ውኃ ነው። ስፔክትረሙን በሚለካው መሣሪያ፣ በስፔክትሮሜትሩ፣ ውስጥ የቀረ ጥቂት የአየር እርጥበት ሩቁን ኢንፍራሬድ በብዙ ቀጫጭን መስመሮች ይቆራርጠዋል። ፓምፑ ሲሠራ ውሎም ከነዚህ መስመሮች የጠነከሩት አይጠፉም። ፈውሱ ማካፈል ነው፤ በመስክ ውስጥ የተለካው ስፔክትረም መስክ በሌለበት ለተለካው ይካፈላል። ውኃው፣ ፕላስቲኩ፣ የመስኮቱና የቱቦው ጠባይ ሁሉ ለማግኔቱ ደንታ ስለሌላቸው ይሰረዛሉ፤ የሚቀረው ማግኔቱ የነካው ብቻ ነው። ቡራቡሬ የነበረው ሥዕል በአንድ ማካፈል ወደ አንድ ንጹሕ ሰርጓዳ ሲለወጥ ማየት አሁንም ያስደስተኛል።

ወደ ጉብጠቱ እንመለስ። መስመሩ ቀጥ ብሎ የሚቀጥል ቢሆን ኖሮ በ1 ቴስላ 8.3፣ በ10 ቴስላ ደግሞ 83 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ባገኘን ነበር። ሁለቱን ባንዶች ብቻ ይዘን፣ የኤሌክትሮኑን ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገውን ውስጣዊ ጠባይ) ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ በ1 ቴስላ 7.8 ይሆናል፤ እዚያ ልዩነቱ ገና ብዙ አይታይም። በ10 ቴስላ ግን ወደ 54 ይወርዳል። ኤሌክትሮኑ ወደ ላይኛው ደረጃ በወጣ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ምክንያቱም ባንዱ ሾጣጣ የሆነው ከታች ካለው ባንድ ጋር ስለተገፋፋ ነው፤ ከታችኛው ባንድ እየራቅን ስንወጣ ግፊያው ይላላል፣ ባንዱም ሾጣጣነቱን ያጣል። በሰፊ ክፍተት ሴሚኮንዳክተር ውስጥም ይኸው ይሆናል፤ ነገር ግን ከክፍተቱ ጋር ሲነጻጸር የምንወጣው ኢነርጂ ትንሽ ስለሆነ ጉብጠቱን ለማየት መቸገር አለ። ጠባቡ ክፍተት ምስጢሩን ቶሎ ያወጣል።

የኬን ስሌት በሁለት ባንድ ሲቀለል አንድ ሌላ፣ በጣም የታወቀ ስሌት ይመስላል። ፖል ዲራክ በ1928 ለባዶው ቦታ ኤሌክትሮን የጻፈው፣ የአንስታይንን ሬላቲቪቲ የሚያከብረው ቀመር ነው። በዲራክ ዓለም ክፍተቱ በኤሌክትሮንና ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው አቻው በፖዚትሮን መካከል ያለው ወደ 1.02 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የመጨረሻው ፍጥነትም የብርሃን ፍጥነት ነው። በኢንዲየም አንቲሞናይድ ክፍተቱ ከዚያ ከአራት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል፤ በብርሃን ፍጥነት ቦታ የሚቆመው ፍጥነትም በሰከንድ ከአንድ ሺህ ኪሎሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። የጎበጠው መስመር እንግዲህ ዕቃ ሲፈጥን ይከብዳል የሚለው የሬላቲቪቲ ሕግ በትንሽ መጠን የተደገመበት ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ንጽጽር አለ። በባዶ ቦታ የሳይክሎትሮን ኢነርጂ ከኤሌክትሮኑ የዕረፍት ኢነርጂ ጋር የሚተካከለው በ4.4 ቢሊዮን ቴስላ ነው። እንዲህ ያለ መስክ በምድር ላይ የለም፤ ማግኔታር በሚባሉት የኒውትሮን ኮከቦች ዙሪያ ግን 10 ቢሊዮን ቴስላና ከዚያ በላይ ይገኛል። በኢንዲየም አንቲሞናይድ ውስጥ የዚህ አቻ የሚደረሰው በ14 ቴስላ ገደማ ነው። ይህን ያህል መስክ የሚያመነጩ የሱፐርኮንዳክተር ማግኔቶች በብዙ ላቦራቶሪዎች ውስጥ አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ፣ ግራፊን፣ ከመጣ በኋላ መጠነቁስ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች የዘመኑ ወሬ ሆኑ። በ2006 በግራፊን ላይ የተደረገው የማግኔትና የብርሃን ልኬት ኢነርጂው ከመስኩ ጋር እኩል እንደማያድግ፣ ከመስኩ ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚያድግ አሳየ። ድንቅ ሥራ ነው፤ አልነፍገውም። ነገር ግን የስኩዌር ሩቱ ዘር በ1950ዎቹ በተለካው ጎባጣ መስመር ውስጥ ተኝቶ ነበር። ክፍተቱን በሐሳብ እያጠበብን ብንሄድ፣ ጉብጠቱ ወደ ዝቅተኛ መስክ እየቀረበ ይመጣና ክፍተቱ ሲያልቅ ቀጥ ያለው ክፍል ጭራሽ ይጠፋል፤ የሚቀረው ከዜሮ ጀምሮ የጎበጠ፣ ማለትም የስኩዌር ሩት መስመር ነው። አዲስ ስም ያለው ቁስ ሁሉ አዲስ ፊዚክስ ይዞ እንደመጣ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል፤ ነባሩን ቁስ እንደ ሙዚየም ዕቃ ማየትም እንዲሁ።

ክፍተቱን ማጥበብ ደግሞ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ በ1959 በብሪታንያ ይፋ የተደረገ ቅይጥ ነው። የካድሚየሙን ድርሻ በመለወጥ ክፍተቱን እንደተፈለገ ማስፋትና ማጥበብ ይቻላል፤ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ድርሻው 17 በመቶ አካባቢ ሲሆን ክፍተቱ ዜሮ ይሆናል። በ2014 የታተመ የግሬኖብል ተመራማሪዎችና የባልደረቦቻቸው ሥራ እንዲህ ባለ ክሪስታል ውስጥ የሚዋጠው ኢነርጂ ከዝቅተኛ መስክ ጀምሮ ስኩዌር ሩቱን እንደሚከተል አሳይቷል። የተሸካሚዎቹ ስምም ኬን ፌርሚዮን ተባለ። የድሮው ሰው ስም ቢያንስ እዚያ ላይ ተጠቅሷል። ይኸው ቅይጥ በተግባሩም ዓለም የታወቀ ነው፤ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ቅርቡን ኢንፍራሬድ የሚያይበት ዓይን ከእሱ የተሠራ ነው። በ2003 የመጠቀው የስፒትዘር ቴሌስኮፕም በአጭሩ ሞገድ በኩል ያየው በኢንዲየም አንቲሞናይድ ነበር።

ጉብጠቱ ሌላም መዘዝ አለው። ዋልተር ኮን በ1961 ያረጋገጠው አንድ ጥብቅ ውጤት አለ፤ ባንዱ የማይጎብጥ፣ ማለትም ፍጹም ፓራቦላ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርሳቸው ምንም ያህል ቢገፋፉ የሳይክሎትሮን ሬዞናንሱ ቦታ አይነቃነቅም። ብርሃኑ የሚያየው ሁሉንም እንደ አንድ አካል ነው። ቀጥ ያለ መስመር እንግዲህ ኤሌክትሮኖቹ በመካከላቸው ስለሚያደርጉት ነገር ዝም ይላል። መስመሩ ሲጎብጥ ይህ ከለላ ይነሳል። ከስፒኑም ጋር የተያያዘ ነገር ይታያል። በኢንዲየም አንቲሞናይድ ኤሌክትሮን ለማግኔት ያለው የስፒን ምላሽ በባዶ ቦታ ካለው ኤሌክትሮን 25 እጥፍ ያህል የበረታ ነው፤ ምልክቱም የተገለበጠ ነው። ባንዱ ባይጎብጥ ኖሮ የሁለቱም ስፒኖች ሽግግር በአንድ ኢነርጂ ላይ ተደራርቦ ይቀር ነበር። ስለሚጎብጥ ግን መስኩ ሲጨምር አንዱ ጫፍ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ከዚያ ደግሞ የክሪስታሉ ንዝረት አለ። ከ22 እስከ 24 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ጠባብ ክልል ኢንዲየም አንቲሞናይድ ብርሃኑን አንጸባርቆ ይመልሳል፤ በዚያ ላይ የወደቀ ጫፍ አይታይም። መስመራችን ይህን ክልል የሚያቋርጠው በ3 ቴስላ ተኩል አካባቢ ነው። ጉዳዩ በመጋረድ ብቻ አያበቃም። የዙሩ ኢነርጂ ከንዝረቱ ኢነርጂ ጋር ሲቃረብ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ጆንሰንና ላርሰን በ1966 እንዳሳዩት፣ ደረጃው በንዝረቱ ኢነርጂ ፊት ተገትሮ ይጎብጥና ሌላ ቅርንጫፍ ከበላይ ይቀጥላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚታይ ጉብጠት ሁሉ የባንዱ አይደለም። ይህን ሳይለዩ በአንድ መስመር ሁሉንም ነጥብ ለመግጠም መሞከር ቁጥሩን ያዛባል።

ንዝረቱን ለማምለጥ ወደ ከፍተኛው ኢነርጂ መሄድ ይቻላል። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ከቫለንስ ባንድ ደረጃ ወደ ኮንዳክሽን ባንድ ደረጃ ሲያሻግረው አንድ ሳይሆን ብዙ መስመሮች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይታያሉ። ሁሉንም ወደ ዜሮ መስክ ስንከተላቸው በአንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ፤ ያ ነጥብ ክፍተቱ ነው። በመዋጥ ጠርዝ (ያለ ማግኔት ብርሃኑ መዋጥ በሚጀምርበት ኢነርጂ) ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከሚደረግ ግምት ይልቅ እዚህ ላይ እምነት እጥላለሁ፤ አንድ መስመር ቢያሳስት ሌሎቹ ያጋልጡታል።

ይህ ማራገቢያ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ክፍተቱ ወደ ዜሮ ሲቃረብ ነው። በ2016 በሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ላይ በወጣ ሥራ ተመራማሪዎች ቅይጡን ሳይቀይሩ ክሪስታሉን ብቻ አሞቁት። በኢንዲየም አንቲሞናይድ ሙቀት ክፍተቱን ያጠበዋል፤ በዚህኛው ቅይጥ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በቅዝቃዜ የባንዶቹ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነበር፤ ሲሞቅ ባንዶቹ ተቀራረቡ፤ በ77 ኬልቪን አካባቢ ተገናኙ፤ ከዚያ በላይ በተለመደው ቅደም ተከተል እንደገና ተለያዩ። መጠነቁሱ ጠፍቶ በሌላ በኩል ተመለሰ ማለት ነው። ችግሩ ሙቀቱ ጫፎቹንም ማስፋቱ ነው። ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ሲሆን ከጫፉ ስፋት ውስጥ ይገባል፤ የስኩዌር ሩት መስመርና በጣም ትንሽ ክፍተት ያለው መስመር ደግሞ የሚለያዩት በዝቅተኛው መስክ፣ ጫፎቹ እርስ በርስ በሚደራረቡበት ቦታ ብቻ ነው። መስኩን ማሳደግ እዚህ ላይ አይረዳም። የሚረዳው ተሸካሚዎቹ የበለጠ ርቀት ሳይጋጩ የሚሄዱበት ንጹሕ ክሪስታል ማሳደግ ነው፤ ይህ ደግሞ ከስፔክትሮሜትሩ ክፍል ወጥቶ ክሪስታል የሚያሳድጉት ሰዎች ዘንድ ሄዶ የሚለመን ነገር ነው።